የመግታት ኃይል መርማሪ፦ የሰር ቻርልስ ሸሪንግተን ሕይወትና ሥራ

ስለ ሰው ልጅ እንቅስቃሴ ሲነገር በቅድሚያ ወደ አሳብ የሚመጡት መራመድ፣ ማንሣት፣ መጨበጥና መወርወር ናቸው። መቆም፣ መተው፣ የተጀመረን ነገር ማቋረጥ ግን የሥራ አለመኖር እንጂ ራሱን የቻለ ሥራ ሆኖ አይታሰብም። ይሁን እንጂ መንገድ ለማቋረጥ እግሩን ያነሣ ሰው ድንገት የመኪና ጥሩምባ ሰምቶ ባለበት ሲቀር፣ አንጎሉ እግሩን ለማንሣት እንደ ሠራ ሁሉ ለማስቀረትም ይሠራል። ፈረሱን የሚያስሮጥ ጉልበት እንዳለ፣ ልጓሙን የሚይዝ እጅም አለ።

ይህን እውነት ከግምት አውጥተው በሙከራ ላይ ካጸኑት ሊቃውንት መካከል ቀዳሚው እንግሊዛዊው የፊዚዮሎጂ ምሁር ሰር ቻርልስ ስኮት ሸሪንግተን ናቸው። በዛሬው ጊዜ አንድ ሕያው ሰው እንቅስቃሴውን በሚገታበት ወቅት በአንጎሉ ውስጥ የሚሆነውን በምስል ለመከታተል ተችሏል። ይህ የምርመራ ዘዴ የቆመው በሁለት መሠረታዊ ዕውቀቶች ላይ ነው። አንደኛው መግታት የነርቭ ሥርዓት የራሱ ሥራ መሆኑ ሲሆን፣ ሁለተኛው በሥራ ላይ ያለ የአንጎል ክፍል ወደ ራሱ ተጨማሪ ደም የሚስብ መሆኑ ነው። በሁለቱም ዕውቀቶች መነሻ ላይ የሸሪንግተን ስም ይገኛል። ሆኖም ሁለቱ ሥራዎች በአንድ ሰው ሕይወት ውስጥ ጎን ለጎን ኖረው የተገናኙት ሰውየው ካረፉ ከብዙ ዓመታት በኋላ ነው። ቀጥሎ የሚቀርበው ታሪክ ይህን ግንኙነት ይከተላል። በጽሑፉ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ልጅነትና ትምህርት

ሸሪንግተን የተወለዱት ኖቬምበር 27 ቀን 1857 በሎንዶን ከተማ ነው። ያደጉት ግን በምሥራቅ እንግሊዝ በምትገኘው በኢፕስዊች፣ ካሌብ ሮዝ በተባሉ የቀዶ ሕክምና ባለሙያ ቤት ነበር። ቤቱ መጻሕፍትና ሥዕሎች የሞሉበት፣ ምሁራንም የሚመላለሱበት ስለ ነበረ ወጣቱ ሸሪንግተን ለሕክምና ብቻ ሳይሆን ለሥነ ጽሑፍና ለታሪክም ፍቅር አድሮባቸው አደጉ። ይህም ፍቅር እስከ ዕለተ ሞታቸው አልተለያቸውም።

በ1876 በሎንዶን በቅዱስ ቶማስ ሆስፒታል የሕክምና ትምህርት ጀመሩ። በ1879 ደግሞ ወደ ካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ ገቡ። በዚያን ጊዜ ማይክል ፎስተር በካምብሪጅ የፊዚዮሎጂን ትምህርት በአዲስ መልክ አደራጅተው፣ እንደ ዋልተር ጋስኬልና ጆን ላንግሊ ያሉ ትጉሃን ተመራማሪዎችን በዙሪያቸው አሰባስበው ነበር። ሸሪንግተን ከነዚህ መምህራን የቀሰሙት ዋና ነገር አንድን ጥያቄ በትንሹ ከፍሎ፣ በሙከራ ፈትኖ፣ ውጤቱን ያለ ማጋነን የመመዝገብን ልማድ ነው።

የሕይወታቸውን አቅጣጫ የወሰነው አጋጣሚ የመጣው በ1881 ነበር። በዚያ ዓመት በሎንዶን በተደረገው ዓለም አቀፍ የሕክምና ጉባኤ ላይ የስትራስቡርጉ ፍሪድሪኽ ጎልትዝና የሎንዶኑ ዴቪድ ፌሪየር ብርቱ ክርክር ገጠሙ። ጎልትዝ የአንጎሉ ቅርፊት በብዛት የተወገደለትን ውሻ አቅርበው፣ እንስሳው አሁንም ስለሚራመድ እያንዳንዱ የአንጎል ክፍል የተለየ ሥራ አለው የሚለው አሳብ ትክክል አይደለም ሲሉ ተከራከሩ። ፌሪየር በበኩላቸው በአንድ ወገን ያለው የእንቅስቃሴ ክፍል ብቻ የተወገደለትንና በተቃራኒው ወገን ሽባ የሆነውን ዝንጀሮ አሳዩ። ከጉባኤው በኋላ እንስሳቱ ተመረመሩ፤ የውሻው አንጎል ምርመራ ለላንግሊ ሲሰጥ ረዳታቸው ሸሪንግተን ሆኑ። የሁለቱ ሪፖርት በ1884 ታተመ። የሸሪንግተን የመጀመሪያ ሳይንሳዊ ጽሑፍም ይኸው ነው።

ወረርሽኝ ባለበት ስፍራ

ሸሪንግተን ከቤተ ሙከራ ያልወጡ ሊቅ አድርጎ መቁጠር ስሕተት ይሆናል። በ1885 በስፔን የኮሌራ ወረርሽኝ በተነሣ ጊዜ ከፓቶሎጂ ሊቁ ከቻርልስ ስማርት ሮይና ከሌላ ባልደረባ ጋር በሽታውን ለመመርመር ወደዚያው ዘመቱ። በተከታዩ ዓመትም ለዚሁ ጉዳይ ወደ ጣሊያን ሄዱ። የሰበሰቡትንም ናሙና ይዘው ወደ በርሊን ተጓዙ። በዚያም ከታላቁ ሩዶልፍ ፊርኮ ጋር ከተገናኙ በኋላ በሮበርት ኮኽ ዘንድ የባክቴሪያ ምርምርን ዘዴ ተማሩ። ለጥቂት ሳምንታት የታሰበው ትምህርት ወደ አንድ ዓመት ተራዘመ።

ወደ እንግሊዝ ተመልሰው በ1887 በቅዱስ ቶማስ ሆስፒታል የፊዚዮሎጂ መምህር፣ በ1891 ደግሞ በሎንዶን ለእንስሳት ሕክምናና ምርምር የቆመው የብራውን ተቋም ኃላፊ ሆኑ። በዚሁ ዓመት ኤቴል ራይትን አግብተው ከጊዜ በኋላ አንድ ወንድ ልጅ ወለዱ። በ1894 በተቋሙ ውስጥ ከፈረስ ደም የዲፍቴሪያን መርዝ የሚያከሽፍ ሴረም በማዘጋጀት ላይ ሳሉ፣ አንድ የዘመዳቸው ልጅ ዘጊ አናዳ በሚባለው በዚሁ በሽታ ተይዞ ለሞት መቃረቡ ተነገራቸው። ገና በመዘጋጀት ላይ የነበረውን ሴረም ይዘው በሌሊት ተጉዘው ለልጁ ሰጡት፤ ልጁም ዳነ። ይህ በእንግሊዝ አገር በዚህ መድኃኒት ከዳኑት የመጀመሪያዎቹ ሕሙማን አንዱ ነበር።

ስለ አንጎል ደም የተጻፈው ጽሑፍ

ወደ ስፔን አብረዋቸው ከዘመቱት ከሮይ ጋር የተመሠረተው ወዳጅነት በቤተ ሙከራም ቀጠለ። በ1890 ሁለቱ ስለ አንጎል የደም አቅርቦት አንድ ጽሑፍ አሳተሙ። በዚያ ዘመን በሰፊው የታመነው አንጎል በጠንካራ የራስ ቅል ውስጥ የተዘጋ በመሆኑ የሚያገኘው ደም መጠን የሚወሰነው በአጠቃላይ የደም ግፊት ብቻ ነው የሚለው ነበር። ከእነርሱ በፊት ጣሊያናዊው አንጄሎ ሞሶ የራስ ቅላቸው በጉዳት የተከፈተባቸውን ሰዎች የአንጎል ትርታ መዝግበው፣ ሰውየው በሚያስብበት ጊዜ ለውጥ እንደሚታይ አመልክተዋል።

ሮይና ሸሪንግተን ማደንዘዣ በተሰጣቸው እንስሳት የራስ ቅል ላይ ቀዳዳ ከፍተው፣ የአንጎልን ከፍና ዝቅ ማለት እጅግ በረቀቀ መሣሪያ ከደም ግፊቱ ጋር ጎን ለጎን መዘገቡ። ያገኙትም ውጤት የአንጎል ደም መጠን ከጠቅላላው የደም ግፊት ጋር የሚለዋወጥ ቢሆንም፣ ከግፊቱ ውጭ የሆነ ሌላ መቆጣጠሪያም እንዳለ የሚያመለክት ነበር። ከዚህም ተነሥተው በሥራ ላይ ያለ የአንጎል ክፍል በሥራው ምክንያት የሚመነጩት ንጥረ ነገሮች በአካባቢው ያሉትን የደም ሥሮች እንደሚያሰፉ፣ በመሆኑም ደም ሥራው ወዳለበት ስፍራ እንደሚበዛ ገለጹ።

ይህ አሳብ ወዲያው ተቀባይነት አላገኘም። በ1896 ሌላው እንግሊዛዊ የፊዚዮሎጂ ሊቅ ሌናርድ ሂል የአንጎል የደም ዝውውር የጠቅላላውን ግፊት ከመከተል ያለፈ ነገር የለውም የሚል መጽሐፍ ባሳተሙ ጊዜ፣ የብዙዎች እምነት ወደዚያው አዘነበለ። ሮይም በ1897 አረፉ። ሸሪንግተን ፊታቸውን ወደ ሕብለ ሰረሰር መልሰው ስለ ነበረ ወደዚህ ጥያቄ አልተመለሱም። ጽሑፉም ለበርካታ ዐሥርተ ዓመታት የሚያነሣው ጥቂት ሆነ።

ጡንቻ የሚለቀው ሲታዘዝ ነው

መግታት የሚባል ነገር በሰውነት ውስጥ መኖሩ ከሸሪንግተን በፊት ታውቋል። በ1845 ወንድማማቾቹ ኤርንስትና ኤድዋርድ ቬበር ቬገስ የተባለው ነርቭ በኤሌክትሪክ ሲነካ ልብ ከመምታት እንደሚቆም አሳይተው ነበር። በ1862 ሩሲያዊው ኢቫን ሴቼኖቭ በፓሪስ በእንቁራሪት አንጎል ላይ የጨው ቅንጣት በማስቀመጥ እግሯን ከአሲድ የምትሰበስብበት ጊዜ እንደሚዘገይ አረጋገጡ። ሆኖም በዕለት ተዕለት የእግርና የእጅ እንቅስቃሴ ውስጥ መግታት ምን ድርሻ እንዳለው ገና ግልጽ አልነበረም።

ሸሪንግተን የጀመሩት ማንኛውም ሐኪም በመዶሻ ከሚመረምረው ከጉልበት ሪፍሌክስ ነው። ጉልበት የሚዘረጋው በጭን ፊት ባለው ጡንቻ ሲሆን፣ የሚታጠፈው በጭን ኋላ ባሉት ጡንቻዎች ነው። በ1893 ወደ ጭን ኋላ ጡንቻ ከሚሄደው ነርቭ ወደ ሕብለ ሰረሰር የሚገባውን መልእክት ሲቀሰቅሱ፣ የጉልበት ሪፍሌክስ ሲደክምና ሲጠፋ ተመለከቱ። አንደኛው ጡንቻ እንዲኮማተር ሲታዘዝ ተቃራኒው ደግሞ በዚያው ቅጽበት እንዲለቅ ይታዘዛል ማለት ነው።

ይህ መልቀቅ በሌላው ጡንቻ ጉተታ የመጣ ሳይሆን በእርግጥ የነርቭ ትእዛዝ መሆኑን ለማረጋገጥ ወደ ዓይን ተሻገሩ። በአንድ ዝንጀሮ ላይ ሦስተኛውንና አራተኛውን የራስ ቅል ነርቮች በአንድ ወገን በመቁረጥ፣ ዓይኑን ወደ ውጭ የሚስበው ጡንቻ ብቻ እንዲሠራ አደረጉ። እንስሳው ወደ ተቃራኒው አቅጣጫ ሲመለከት ያ ዓይን ወደ ውጭ ካለበት ተነሥቶ እስከ መካከል ድረስ ተመለሰ። ወደ ውስጥ የሚጎትተው ሌላ ጡንቻ ሽባ ሆኖ ሳለ ዓይኑ ሊመለስ የሚችለው የውጭው ጡንቻ በትእዛዝ ሲለቅ ብቻ ነው። በ1897 ደግሞ ከኤቫልድ ሄሪንግ ልጅ ከሃይንሪሽ ሄሪንግ ጋር ሆነው፣ የአንጎል ቅርፊት በኤሌክትሪክ ሲነካ የተኮማተረ የእግርና የእጅ ጡንቻ እንደሚላላ አሳዩ። የመግታት ትእዛዝ ከሕብለ ሰረሰር ብቻ ሳይሆን ከአንጎል ቅርፊትም እንደሚወጣ በዚህ ታወቀ።

ከዚህ በኋላ ጥያቄው መግታቱ የት ይፈጸማል የሚል ሆነ። ወደ እግርና እጅ ጡንቻ የሚሄድ ነርቭ በቀጥታ ሲነካ ጡንቻው ይኮማተራል እንጂ አይላላም። በመሆኑም መግታቱ በጡንቻው ላይ ሳይሆን በማዕከሉ፣ አንዱ የነርቭ ሴል ከሌላው በሚገናኝበት ስፍራ መሆን አለበት። ሸሪንግተን ለዚህ መገናኛ በ1897 ሲናፕስ የሚለውን ስም ሰጡት። ስሙ ከግሪክኛ የተወሰደ ሲሆን መያያዝ የሚል ትርጉም አለው። በአሳባቸው መሠረት እያንዳንዱ ጡንቻን የሚያዝ የነርቭ ሴል ከአያሌ አቅጣጫ ሂድ የሚሉና ቁም የሚሉ መልእክቶች ይደርሱታል፤ የሚወጣው ትእዛዝም የነዚህ ሁሉ ድምር ነው። እንቅስቃሴ እንደ ሸማኔ ሥራ ድርና ማግ አለው፤ አንዱ ያለ ሌላው ልብስ አይሆንም።

ይህን ሁሉ በ1904 በአሜሪካ በዬል ዩኒቨርሲቲ በተከታታይ ንግግሮች አቀረቡት። ንግግሮቹም በ1906 ስለ ነርቭ ሥርዓት አስተባባሪነት በሚናገረው መጽሐፋቸው ታተሙ። መጽሐፉ የዘመናዊው የነርቭ ሳይንስ መሠረት ከሆኑት ድርሰቶች አንዱ ሆኖ ይቆጠራል።

መንጋጋ ቆልፍ የሰጠው ምስክርነት

መግታት ሲጠፋ የሚደርሰውን ነገር ሸሪንግተን በሁለት መርዞች አማካይነት መረመሩ። እነርሱም ስትሪክኒንና የመንጋጋ ቆልፍ ባክቴሪያ የሚያመነጨው መርዝ ናቸው። ጤናማ በሆነ እንስሳ ላይ መንጋጋን የሚያስከፍተው የአንጎል ቅርፊት ክፍል ሲነካ አፍ የሚዘጉት ጡንቻዎች ይላላሉ፤ አፉም ይከፈታል። መርዙ ከገባ በኋላ ግን ይኸው ክፍል ሲነካ መንጋጋው ይበልጥ ይገጥማል። እንዲለቅ ይታዘዝ የነበረው ጡንቻ አሁን ይኮማተራል፤ አፍን የሚዘጉት ጡንቻዎች ከሚከፍቱት እጅግ የበረቱ በመሆናቸውም ድሉ የእነርሱ ይሆናል።

ሕመምተኛውን ላየ ሐኪም የዚህ ትርጉም ከባድ ነው። በመንጋጋ ቆልፍ የተያዘው ሰው ውኃ ለመጠጣት ወይም ለመናገር አፉን ለመክፈት በሞከረ ቁጥር ፈቃዱ ራሱ ተመልሶ አፉን ይዘጋበታል። የጎደለው ጉልበት አይደለም፤ ጉልበቱ ከመጠን በላይ ተርፎታል። የጎደለው ልጓሙ ነው። በኋለኛው ዘመን በተደረገ ምርምር የመንጋጋ ቆልፍ መርዝ ግላይሲንና ጋባ የተባሉት ገቺ ንጥረ ነገሮች ከነርቭ ጫፍ እንዳይለቀቁ የሚያግድ፣ ስትሪክኒን ደግሞ ግላይሲን የሚቀበለውን የሴል ክፍል የሚዘጋ መሆኑ ተረጋግጧል። ሸሪንግተን መርዙ መግታትን ወደ መቀስቀስ የሚለውጥ አድርገው ቢገምቱም፣ የበሽታው ሥር የመግታት መጥፋት መሆኑን ማመልከታቸው ግን ትክክል ነበር።

መምህሩና ባልደረባው

ሸሪንግተን ከ1895 ጀምሮ በሊቨርፑል፣ ከ1913 እስከ 1936 ደግሞ በኦክስፎርድ የፊዚዮሎጂ ፕሮፌሰር ሆነው አገልግለዋል። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ፣ ዕድሜያቸው ሃምሳዎቹን ሊያገባድድ በተቃረበበት በ1915፣ በበርሚንግሃም በሚገኝ የጥይት ፋብሪካ ውስጥ ለሦስት ወራት ያህል እንደ ተራ የቀን ሠራተኛ ሠርተዋል። ዓላማቸው ረጅም የሥራ ሰዓት በሠራተኛው ላይ የሚያደርሰውን ድካም በራሳቸው አካል ለመረዳት ነበር።

በኦክስፎርድ ተማሪው ከመጽሐፍ ከመማር ይልቅ በገዛ እጁ ሠርቶ እንዲያይ አጥብቀው ይሹ ነበር። ለዚሁ የሚያገለግል የተግባር መመሪያ በ1919 አሳተሙ። በእርሳቸው ዘንድ ከተማሩት መካከል የሞንትሪያልን የነርቭ ሕክምና ተቋም የመሠረቱት ዋይልደር ፔንፊልድ ይገኛሉ። ሃዋርድ ፍሎሪ በ1945፣ ጆን ኤክልስ በ1963፣ ራግናር ግራኒት በ1967 የኖቤልን ሽልማት ተቀብለዋል። ሸሪንግተን ራሳቸው ከ1920 እስከ 1925 የሎንዶን ሮያል ሶሳይቲ ፕሬዚዳንት ሆኑ፤ በ1922 የሰርነት ማዕርግ ተሰጣቸው። በ1925 የግጥም መድበል አሳተሙ፤ ጥንታዊ መጻሕፍትንም ይሰበስቡ ነበር።

የኖቤል ሽልማት የደረሳቸው በ1932፣ በሰባ አምስት ዓመታቸው፣ ከኤድጋር ኤድሪያን ጋር ነው። ስማቸው ለዚሁ ሽልማት ከሠላሳ ዓመት በላይ በተደጋጋሚ ሲቀርብ ቆይቶ ነበር። በስቶክሆልም ለተሰብሳቢው ንግግር እንዲያደርጉ ሲጋበዙም ከሥራዎቻቸው ሁሉ የመረጡት ርእስ መግታት እንቅስቃሴን በማስተባበር ረገድ ያለውን ድርሻ ነበር።

በተከታዩ ዓመት ባለቤታቸው አረፉ። ሸሪንግተን በ1936 ጡረታ ወጥተው ወደ ኢፕስዊች ተመለሱ። በ1937 እና በ1938 በኤዲንበርግ የሰጧቸው ንግግሮች በ1940 ሰውና ተፈጥሮው በሚል አሳብ ዙሪያ በመጽሐፍ ታተሙ። የመገጣጠሚያ ሕመም አካላቸውን ቢያጎሳቁለውም አእምሯቸው እስከ መጨረሻው ብሩህ ነበር። ማርች 4 ቀን 1952 በኢስትቦርን ከተማ በዘጠና አራት ዓመታቸው ዐረፉ።

ከመሞታቸው ከጥቂት ወራት በፊት፣ በ1951፣ ደቀ መዝሙራቸው ኤክልስ ከባልደረቦቻቸው ጋር በኒው ዚላንድ እጅግ ቀጭን የሆነ የመስተዋት ቀሰም ወደ አንድ የነርቭ ሴል ውስጥ አስገብተው፣ የሚገታ መልእክት ሲደርስ የሴሉ የኤሌክትሪክ ኃይል ከመቀስቀስ በተቃራኒው አቅጣጫ ሲለወጥ መዘገቡ። ኤክልስ በሲናፕስ በኩል መልእክት የሚተላለፈው በኤሌክትሪክ ነው ብለው ለዓመታት ሲከራከሩ የኖሩ ሲሆን፣ ይህን ውጤት ባዩ ጊዜ የቀድሞ አቋማቸውን ትተው ኬሚካዊውን መተላለፊያ ተቀበሉ። መምህሩ በጡንቻ መላላት ላይ ተነሥተው የገመቱት መግታት በአንድ ሴል ውስጥ ተለክቶ ታየ።

ሁለቱ ሥራዎች የተገናኙበት ዘመን

የ1890ውም ጽሑፍ ቀኑ ደረሰለት። ከ1940ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ የአንጎልን የደም ዝውውር ለመለካት አስተማማኝ ዘዴዎች ተገኙ፤ ሥራ በሚበዛበት የአንጎል ክፍል ደም እንደሚበዛም ተረጋገጠ። በ1986 የታተመ ጥናት የደሙ ጭማሪ ከኦክሲጅን ፍጆታው ጭማሪ እንደሚበልጥ ገለጠ። በመሆኑም በሚሠራው ክፍል ያለው ደም ኦክሲጅን ይተርፈዋል። ኦክሲጅን የያዘና ያልያዘ ሄሞግሎቢን የማግኔት ጠባያቸው የተለያየ ስለሆነ፣ ሴይጂ ኦጋዋና ባልደረቦቻቸው በ1990 ይህን ልዩነት በኤም አር አይ መሣሪያ ለማየት እንደሚቻል በእንስሳት ላይ አሳዩ። በ1992 ዘዴው በሰው ላይ ዋለ። የደም ሥሮችን ስለሚያሰፋው ነገር ሮይና ሸሪንግተን የሰጡት ማብራሪያ ዛሬ ሙሉ ሆኖ አይቆጠርም፤ ከሥራ ከሚመነጩ ንጥረ ነገሮች ይልቅ ከነርቭና ከአጃቢ ሴሎች የሚወጡ ምልክቶች የበለጠ ድርሻ እንዳላቸው ታውቋል። ዋናው አሳብ ግን ጸንቷል።

መግታትን በዚህ መሣሪያ ለመመርመር የሚያገለግለው ፈተና ቀላል ነው። ተመርማሪው ምልክት ባየ ቁጥር ቁልፍ ይጫናል፤ አልፎ አልፎ ግን ምልክቱን ተከትሎ የቁም ትእዛዝ ይመጣል። በ1984 ጎርደን ሎገንና ዊልያም ካዋን ይህን ሁኔታ የሂድና የቁም ሩጫ አድርገው በሒሳብ ስላቀረቡት፣ በዓይን የማይታየውን የመግታት ፍጥነት ማስላት ተቻለ። በጤናማ ወጣቶች ይህ ጊዜ አብዛኛውን ጊዜ ከ200 እስከ 250 ሚሊ ሴኮንድ ይሆናል።

በ2003 ሮይና ሸሪንግተን በሠሩበት በካምብሪጅ የተደረገ ጥናት፣ በቀኝ ወገን የግንባር አንጎል ታችኛ እጥፋት ላይ ጉዳት የደረሰባቸው ሕሙማን ጉዳታቸው በሰፋ መጠን ለመቆም እንደሚዘገዩ አሳየ። በ2006 በኤም አር አይ የተደረገ ጥናት ደግሞ በመግታት ጊዜ ከዚህ ክፍል ጋር ሰብታላሚክ ኑክሊየስ የተባለው የአንጎል እምብርት ሥራ እንደሚበዛበት አመለከተ። ይህ ክፍል መጠኑ ከአንድ ባቄላ ፍሬ ያነሰ ነው። በተከታዩ ዓመት የነርቭ ጭረቶችን አቅጣጫ በሚያሳይ ሌላ የኤም አር አይ ዘዴ፣ ሁለቱን ክፍሎችና በግንባር አንጎል መካከለኛ ገጽ ያለውን ሌላ ክፍል የሚያገናኙ መስመሮች ታዩ። ከአንጎል ቅርፊት ተነሥቶ ያለ ሌላ ማረፊያ ወደ ሰብታላሚክ ኑክሊየስ የሚወርደው መንገድ አጭርና ፈጣን ነው።

የዚህ መንገድ አሠራር ለሸሪንግተን ትምህርት ግሩም ምስክር ነው። ሰብታላሚክ ኑክሊየስ ራሱ ቀስቃሽ ነው፤ የሚቀሰቅሰው ግን ግሎበስ ፓሊደስ የተባለውን ገቺ ክፍል ነው። ግሎበስ ፓሊደስም ታላመስን ይገታል፤ ታላመስ ሲገታ ወደ እንቅስቃሴው ቅርፊት የሚሄደው ግፊት ይቀንሳል፤ የተነሣው እጅም ባለበት ይቀራል። መግታት የሚገኘው በብርቱ ሥራ ነው። ስለዚህ በምስሉ ላይ የሚታየው መጥፋት ሳይሆን መድመቅ ነው።

ይሁን እንጂ ምስሉን ከሚገባው በላይ ማመን አይገባም። የደሙ ለውጥ ሰኮንዶችን የሚፈጅ ሲሆን መግታት የሚፈጸመው በሩብ ሴኮንድ ገደማ ነው። መሣሪያው ደም መብዛቱን ያሳያል እንጂ በዚያ ስፍራ ያለው ሥራ መቀስቀስ ይሁን መግታት አይለይም። በቀኝ ወገን ያለው የግንባር ክፍል የሚገታው ነው ወይስ የቁም ምልክቱን የሚያስተውለው የሚለውም ጥያቄ በሊቃውንት መካከል ሲያከራክር ቆይቷል። ሸሪንግተን ከዓይን ጡንቻ አንዱን ለይተው ጥርጣሬን ሁሉ ሳይዘጉ እንዳልተናገሩ፣ የምስሉም ንባብ ከሕሙማን ምርመራና ከኤሌክትሪክ ምዝገባ ጋር መመዘን ይኖርበታል።

ጉዳዩ በሐኪሙ ፊት ለሚቀርበው ሰው ትልቅ ትርጉም አለው። ሰብታላሚክ ኑክሊየስ በአንድ ወገን ሲጎዳ በሽተኛው በተቃራኒው ወገን ያለውን እጅና እግሩን ሳይወድ ይወረውራል። በፓርኪንሰን በሽታ ደግሞ ይኸው ክፍል ከልክ በላይ ስለሚሠራ እንቅስቃሴ ይታሰራል። ወደ ክፍሉ በሚገባ የኤሌክትሪክ ሽቦ እስራቱ ሲፈታ፣ በአንዳንድ ሕሙማን ላይ በውሳኔ መቸኮል ታይቷል። ትኩረት በሚጎድላቸውና በሚቅበጠበጡ ልጆች ዘንድም የመግታት ፍጥነት በአማካይ ዘገምተኛ መሆኑ ተመዝግቧል። እንዲህ ያሉት ሰዎች በቤተሰብም በትምህርት ቤትም ስድ፣ እንቢተኛ ወይም ሰነፍ እየተባሉ ይወቀሳሉ። አንዳንዴም ወቀሳው እስከ ሐኪሙ ክፍል ድረስ ይከተላቸዋል።

ሸሪንግተን ለሕክምና ባለሙያው ያወረሱት ዕውቀት በዚህ ላይ ብርሃን ይሰጣል። ራስን መግታት ፈቃድ ብቻውን የሚያከናውነው ነገር አይደለም፤ የራሱ ሴሎች፣ የራሱ መንገድ፣ የራሱም የደም ድርሻ ያለው፣ ሊቆሰልና ሊመረዝ የሚችል የአካል ሥራ ነው። ስለዚህ እጁን ማሳረፍ ያቃተው በሽተኛ በሐኪም ፊት ሲቀርብ፣ ከተግሣጽ አስቀድሞ ምርመራ ይገባዋል።